በሰንበት የጠራ ስልክ

አባዬ "ለጸሎት ባዶ እጃችሁን አትምጡ" ይላል። መባ አምጡ ማለቱ አይደለም፤ የሚያስፈራችሁን ነገር ይዛችሁ ኑ ማለቱ ነው። ነገሩን ያገኘው ከነቢያት ዘመን ታሪክ ነው። ጠላት ከተማይቱን ከቦ ለንጉሡ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ይልክለታል። ንጉሡም ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ይወጣና በእግዚአብሔር ፊት ይዘረጋዋል። አባዬ እዚህ ቦታ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቅና ሁላችንንም በየተራ ያየናል። "አምላክ የተጻፈውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ንጉሡ ብቻውን ማንበብ ስላቃተው ነው" ይላል።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። አባዬ የቄስ ልጅ ነው። እሱ ራሱ ቄስ አልሆነም፤ አዲስ አበባ መጥቶ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፣ እዚያው አርጅቶ ጡረታ ወጣ። ግዕዙን ግን በልጅነቱ ከአያቴ እግር ሥር ተቀምጦ ተምሮታል። ዘመዶቻችን አብዛኞቹ ኢየሩሳሌም ገብተዋል፣ እኛ ቀርተናል። ለምን እንደቀረን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወሬ እለውጣለሁ፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ሐዘን ነው። ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እንደኛው የቀሩ ጥቂት ቤተሰቦች ካዛንቺስ ቤታችን ይሰበሰቡ ነበር። ሳሎናችን ጸሎት ቤት ይሆናል። አባዬ ነቢያትን በግዕዝ ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ከዚያ ሁሉም እንደየአቅሙ ይከራከራል።

የሚያስፈራን ነገር የሚቀመጠው ከመጽሐፉ ጎን፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ነው። በሰንበት ዕቃ ስለማናነሳ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀመጥ አለበት። አንዲት ሴት የሐኪም ወረቀቷን አስቀምጣ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ጫማ አምጥተው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ታናሽ ወንድሜ ለገሃር ስልክ ይጠግን ነበርና አንድ ዓርብ አልሠራም ብሎ እምቢ ያለው የደንበኛ ስልክ ይዞ መጣና ከጫማው ጎን አስቀመጠው። "አባዬ፣ ይሄ ከተነሳ አንተ ራስህ ነቢይ ነህ" አለው። እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ተቆጣችው። አባዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ወንድሜ እንዲህ ነበር። ቀልድ ካልገባበት ቁምነገር አይወጣለትም። ግን ሰንበትን ያከብራል። በሳምንቱ ቀናት እጁ ከስልክ የማይለይ ሰው፣ ቅዳሜ ጣቶቹን የት እንደሚያደርጋቸው እየጠፋው አባዬ አጠገብ ሲቀመጥ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የአባቶቻችን ሰንበት ጥብቅ ነው። እሳት አይነድድም፣ መብራት አይበራም፣ ስልክ አይነካም። ከመካከላችን ዕብራይስጥ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር አለ። እሱ ደግሞ የዛሬዎቹን ሊቃውንት ሕግ ተምሯልና ነፍስ ለማዳን ሲባል ሰንበት ይሻራል ይላል። አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።

"አባቶቻችን በሰንበት ጠላት ሲመጣባቸው እንኳ እጃቸውን አላነሱም" አለው አንድ ጊዜ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያለቁትስ በዚሁ አይደል?" አለ መምህሩ።

አባዬ ወደ ንባቡ ተመለሰ። በልቤ መምህሩን ደገፍኩት፤ ያኔ ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ነበር።

የአባዬ ታላቅ እህት ከጎንደር ወጣ ባለ መንደር ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ በኩል ጦርነቱ እየባሰ ሲሄድ አባዬ እንቅልፍ አጣ። ወንድሜ አንድ ቀን ምሳ ላይ "እኔ ሄጄ ጠቅልያት እመጣለሁ" አለ። እማዬ መንገዱን ብታነሳበት፣ "እማ ደግሞ፣ ለገሃር ታክሲ ተጋፍቶ የሚሳፈር ሰው ምን ይፈራል? በቃ፣ ሄድኩ መጣሁ ነው" አላት። ስቃ ዝም አለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

እንደደረሰ ደወለ። አክስታችን "የአባቴን መቃብር ትቼ የትም አልሄድም" ብላ እግሯን ተክላ ነበር። "እያባበልኳት ነው" አለን። ከዚያ ኔትወርክ ተቋረጠ። መንገዱም ተዘጋ። ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ፤ ስልኩ ዝም።

በዚያ ሰሞን አንድ ዓርብ እማዬ ስልኳን ይዛ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ወንድሜ የገዛላት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ የአባዬ ጆሮ ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነበር የሰጣት። ቻርጅ አድርጋ፣ ሳታጠፋው፣ ከመጽሐፉ ጎን አስቀመጠችው።

"ክፍት ስልክ፣ በሰንበት?" አለ አባዬ።

"ንጉሡ ደብዳቤ ነበረው፣ ዘረጋው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። ዝምታን በምን ልዘርጋው?"

እማዬ በሃይማኖት ነገር ቃል መልሳበት አታውቅም። በመጨረሻ፣ "ይቀመጥ። ከተቀመጠ በኋላ ግን አይነካም" አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ቃል የተገባቡት እንዲህ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

ቀጥሎ አንድ ማክሰኞ ኔትወርክ ለጥቂት ሰዓት ተለቀቀና ወንድሜ ደወለ። ሁላችንም ተሻማንበት። አክስታችን እንዳልተሸነፈችለት፣ መንገድ ሲከፈት ብቻውን እንደሚመለስ ነገረን። እማዬ ስልኩን በየሰንበቱ ከመጽሐፉ ጎን እንደምታስቀምጠው ስትነግረው ብዙ ሳቀ። ከሳቁ ሲመለስ ግን፣ "እማ፣ ድምፁን እንዳትቀንሺው" አላት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ያ ቅዳሜ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው ተብሎ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ዕቃውን መጠቅለል ጀምሯል። አባዬ ደግሞ፣ እንደ ፈቃዱ፣ ለዚያ ቀን የመረጠው ከተማው ተከቦ ሳለ መሬት ስለገዛው ነቢይ የሚናገረውን ክፍል ነበር። ነቢዩ ታስሯል፣ ጠላት ቅጥሩ ላይ አፈር እየደለደለ ነው፣ እሱ ግን ከአጎቱ ልጅ መሬት ይገዛል። በዚህች ምድር ገና ቤት ይገዛል፣ እርሻ ይገዛል ለማለት ነው።

"ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ አይገዛም ነበር" አለች እማዬ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ስልኩ ጠራ።

ያ ድምፅ በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ምን ያህል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ጠረጴዛው ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከተቀመጥኩበት ብርሃኑ ይታየኛል፤ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ሁላችንም አባዬን አየነው፣ አባዬ መጽሐፉን አየ።

ተነሳሁ። እማዬ የቀሚሴን ጫፍ ያዘችኝ። አጥብቃ አልነበረም፤ ልጅ እንደሚይዘው ዓይነት ነው የያዘችኝ። ዓይኖቿ ግን ከስልኩ አልተነሱም።

ጥሪው ቆመ። እንደገና ጀመረ።

"አባባ" አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ "ይፈቀዳል። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ እኔ ላንሳው።"

አባዬ እጁን በመጽሐፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ፣ በግዕዝ፣ ስልኩ እየጠራ። አላቋረጠም። ስልኩ እስኪደክመው ጠርቶ ዝም ሲል አባዬም ዝም አለ። ሳይተረጉመው ቀረ።

ከዋክብት ወጥተው ሰንበት ሲያልፍ ስልኩን ያነሳው አባዬ ራሱ ነው። ጣቱ ቁልፉን ይስታል። ስንደውል ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴትዮ መለሰችልን። ደግመን ደወልን፣ እሷው ናት። ያቺን ሴትዮ ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ ግን እንደ እሷ የጠላሁት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ከአባዬ ጋር ተኮራረፍን። ማኩረፌን አልደብቅም፤ ቁጣ ቶሎ ይነድደኛል፣ ቶሎ አይጠፋልኝም። "ምሳ ቀርቧል"፣ "ሰው መጥቷል"፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም። አንድ ቀን ብቻ አመለጠኝ።

"ልጅህ በራፍህ ላይ ቆሞ ጠራህ። አልከፈትክለትም።"

እማዬ "ተይ" አለች። አባዬ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

"እኔ ነኝ ያላነሳሁት። እናትሽ አይደለችም፣ አንቺም አይደለሽም፣ መምህሩም አይደለም። ይሄ የእኔ ነው" አለ።

ቢከራከረኝ፣ ሕግ ቢጠቅስልኝ እጣላው ነበር። እንዲህ ሲለኝ ግን የምይዘው አጣሁና ወጥቼ ግቢው ውስጥ አለቀስኩ።

ካዛንቺስ ፈረሰ። ቂርቆስ ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። ዕቃችን ግማሹ ተሸጠ፣ ጠረጴዛው ግን መጣ። የጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ እማዬ ስልኩን ጡቷ ሥር ሸጉጣ የጠረጴዛውን እግሮች ትደግፍ ነበር። በአዲሱ ሰፈራችን የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ምህላ ሲያውጅ፣ የሰፈሩ ሰው ስለ ሰላም "እግዚኦ" ሲል ይሰማናል። እማዬ ሥራዋን ታቆምና ታዳምጣለች። "እነሱም የሚያስፈራቸውን ዘርግተዋል" አለችኝ አንድ ቀን። ጎረቤቶቻችን ምን እንደሆንን ያውቃሉ፤ ልጃችን እንደጠፋም ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ወንድሜን በጸሎታቸው እንደሚያስቡት ነግረዋታል።

ቅዳሜ የሚመጣው ሰው አነሰ። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰውም አብሮ ተበተነ፤ አንዱ የካ ጫፍ፣ ሌላው ቃሊቲ ተጥሏል፤ በሰንበት መኪና አንሳፈርም፣ በእግር ደግሞ አይደረስም። መምህሩ ብቻ ዓርብ ማታ መጥቶ ከእኛ ጋር ያድራል።

እኔ ካዛንቺስ ሳይፈርስ በቀረ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በዚያ ቅዳሜ ወደጠራን ቁጥር እደውል ነበር። ሴትዮዋ ትመልስልኛለች፣ እዘጋለሁ፣ ለእንግዳ ፈገግ እላለሁ። አንድ ዓርብ ግን ጠራ። ሲጠራ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፣ ያን ያህል ተስፋ ቆርጬ ነበር የምደውለው።

አንድ ጎልማሳ ሰው አነሳ። ማን እንደሆንኩ፣ ያ ቁጥር የትኛው ቀን እንደደወለልን ነገርኩት።

"ያ ስልክ የሚጠግነው ልጅ እህት ነሽ?" አለኝ።

አዎ ማለቴን አላስታውስም። ሰውየው በመንገዱ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዷ ሻይ ቤት አለው፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኔትወርክ የተለቀቀላቸው ገና በዚህ ቀን ነበር። ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተኩስ መሀል ገብቶ ነበር። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። ቁስለኞቹን የከተማው ሰው በየቤቱ ተከፋፈላቸው፣ ወንድሜ ለዚህ ሰው ደረሰው። ሐኪም አልነበረም፣ መድኃኒትም አልነበረም።

"አልዋሽሽም እህቴ፣ የሚድን ቁስል አልነበረም" አለኝ። "የሱ ስልክ ተሰባብሯል። ቅዳሜ ቀን ኔትወርክ መጣ ሲባል የኔን ለመነኝ። ሰጠሁት። ሲደውል ግን፣ 'ዛሬ አያነሱም' አለኝ። ታዲያ ለምን ትደውላለህ፣ ነገ አትደውልም? አልኩት። 'ስልኩ አባቴ የሚያነበው መጽሐፍ አጠገብ ነው፣ ይሰሙታል' አለኝ። ወላሂ አልገባኝም፤ ትኩሳቱ ነው የሚያናግረው ብዬ ነበር።"

ከፊቴ አንድ እንግዳ ቁልፍ ይጠይቀኛል። በእጄ ጠብቅ አልኩት።

"ጆሮው ላይ ይዞት ያዳምጥ ነበር" አለ ሰውየው። "ሲያልቅ ደግሞ ደወለ። አላነሱም? አልኩት። 'አላነሱም፤ ደህና ናቸው ማለት ነው። ቢያነሱ ነበር የምደነግጠው' አለኝ። ከዚያ ስልኬን መለሰልኝ፣ አመስግኖ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።"

እሱ እስላም ስለሆነ የእኛን ሥርዓት አለማወቁ አስጨንቆት እንደነበረ ነገረኝ። ወንድሜ ፊቱ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሆን ጠይቆት ነበርና እንዲያው በግምት፣ ወደ ሰሜን አዙረው ቀብረውታል። "አጥፍተን ከሆነ አውፍ በሉን" አለኝ። የመረቅኩት ይመስለኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለእንግዳው ቁልፉን ሰጠሁት፣ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ገባሁና በአንድ ሰው ሻንጣ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሰዓቱ ዓርብ ከሰዓት ነው። መርዶ እንደዋዛ አይነገርም፤ ደግሞም ሰንበት ሊገባ ነው፣ በሰንበት ለቅሶ የለም። በመስቀል አደባባይ በኩል በእግሬ ዞሬ ሄድኩ፣ ፊቴን ንፋስ እንዲመታልኝ። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ይህን ይዤ እንዴት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተከራከርኩት ሕግ አሁን ራሴ ላይ ወደቀ።

እማዬ በር ላይ ተቀበለችኝ፣ እጇ ዱቄት ነው። "ፊትሽ ምን ሆኗል?" አለችኝ።

"ፀሐይ ነው።"

"እጄ ቆሽሿል፣ በይ ፀሐይዋ ሳትገባ አንቺ አስቀምጪልኝ" ብላ በአገጯ ስልኩን አሳየችኝ።

ከቻርጁ ነቀልኩት። ነጩን ጨርቅ አስተካክዬ ከመጽሐፉ ጎን አኖርኩት። አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ከተኮራረፍን ወዲህ ያንን ጠረጴዛ ነክቼው አላውቅም ነበር፤ እሱም ይህን ልብ ብሎታል።

በማግስቱ አባዬ ልጆቿን አጥታ አልጽናናም ስላለችው እናት አነበበ። ከሩቅ አገር ይመለሳሉ የሚለው ተስፋ ላይ ሲደርስ እማዬ ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ አሜን አለች። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ስልኩን አያለሁ። አባዬ በዚያ ቀን ስልኩ እየጠራ ለምን ማንበቡን እንዳላቆመ ያኔ ነው የገባኝ፤ ቢያቆም ተነስቶ ስልኩን ያነሳ ነበር፣ ስልኩን ቢያነሳ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሰንበትን የጠበቀውን ራሱን ያጣው ነበር። ይህ ትክክል ነው አልልም። ዛሬም መምህሩን ነው የምደግፈው። ግን አባቴ ምን ተሸክሞ እንደተቀመጠ አወቅሁ፣ ወደድኩትም።

ማታ ሰንበት እንዳለፈ ለመምህሩና ለጎረቤት ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። በዚያ ሰዓት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እማዬ አንድ ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ለቅሶው ጋብ ሲል አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

"መቼ ሰማሽ?"

"ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት።"

"ሰንበቱን ሙሉ ብቻሽን ያዝሽው?"

"ያዝኩት።"

አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እጄን ይዞ አለቀሰ። ያኔ የሻይ ቤቱ ሰው ያለኝን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው። ቢያነሱ ነበር የምደነግጠው የሚለው ላይ ስደርስ አባዬ ደግመሽ በይው አለኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም ጠየቀኝ።

እማዬ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች። "ሰምተነዋል እኮ" አለች። "ሁላችንም ሰምተነዋል።"

የለቅሶው ሰባት ቀን አልፎ ሌላ ሰንበት መጣ። ዓርብ ዕለት እማዬ ማንም ሳይጠይቃት ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ቦታው ላይ አኖረችው፣ ድምፁን ሳትቀንስ። እስከ ዛሬ እንዲሁ ታደርጋለች። አባዬ መጽሐፉን ይገልጥና ወዲያው አይጀምርም፤ እጁን ገጹ ላይ አድርጎ ትንሽ ይቆያል። ስልኩ አይጠራም። ከዚያ ያነባል።